ለአራስ የተዘራ አጃ

ይኼ በቆርቆሮ የመጣው አጃ አይሸትም። ክዳኑን ከፍቼ አፍንጫዬን ሰደድሁበት፤ ምንም የለ። የልጅ ልጄ ሰላም ሰሞኑን ወልዳ እዚሁ ወረታ፣ እኔ ቤት አራስ ናት። ባሏ ዮናስ ከባሕር ዳር ሲመጣ ያንን ቆርቆሮ እንደ እንቁላል በሁለት እጁ አቅፎ ገባ። «እማማ፣ አጃ ይዤልዎት መጣሁ። የውጭ ነው። ውኃ ብቻ ያፍሉ፣ ወዲያው ይደርሳል» አለኝ። ወዲያው! አጃ ወዲያው የሚደርስበት ዘመን ላይም ደረስን። ልጁ ደግ ነው፣ አልተቆጣሁትም። ግን ሳየው ተጠፍጥፎ የደረቀ ነጭ ነገር ነው፤ አልታመሰ፣ አልተወቀጠ፣ አልተነፋ፣ እንዲያው ማን እንደ ዘራው እንኳ የማይታወቅ። አፍልቼ ሰጠኋት። «ይጣፍጣል እማማ፣ ቅመሺው በሞቴ» አለች ሰላም። ቀመስሁት። እውነቷን ነው፣ አይከፋም። እኔ ግን ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ የነበረው ሽታውን ነው፤ ሳይመጣ ቀረ። የሚታመስ አጃ መጀመሪያ የደረቀ ሣር ይሸታል፤ ቆየት ሲል ደግሞ እሳት ላይ የተጣደ ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ከዚያ ቤቱም፣ ልብሱም፣ የአራሷም ፀጉር ያንኑ ይሸታል። ድሮ በእኛ መንደር እልልታውን ያልሰማ ሰው እንኳ በደጅ ሲያልፍ ያ ሽታ አፍንጫው ሲገባ «እሰይ፣ እዚህ ቤት ተወልዷል» ብሎ ያልፍ ነበር።

ያን ጊዜ ወረታ ይኼ አሁን የምታዩት ወረታ አይደለም። ባጃጅ የለ፣ ፎቅ የለ፣ ሲያጓራ የሚውል የሩዝ መፈልፈያ የለ። መኪና መንገዱ ዳርና ዳር ቆርቆሮ ቤቶች ተደርድረው፣ በረንዳቸው ላይ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ሲረግጡ ይውላሉ። ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው መንገድ ማዕዘን ላይ የሐጂ እንድሪስ ሱቅ ነበረ፤ ስኳር በጣሳ፣ ነጭ ጋዝ በጠርሙስ፣ አቡጀዲ በክንድ የሚሸጥበት። የሐጂ ሚስት ዘሃራ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ ባንኮኒው ጀርባ ትቀመጥና ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ትጠራለች፤ ሰላም ሳይላት ያለፈ ሰው ወዮለት፣ ሳምንቱን ሙሉ ታኮርፈዋለች። እኛ ልጃገረዶች በስሙኒ የፀጉር ቅባት ልንገዛ ገብተን፣ ግማሽ ቀን ስናወራ ውለን እንወጣ ነበር። ስሙኒ! ዛሬ ስሙኒ ብላት ሰላም «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ትለኛለች። ጫማ ማለት ኮንጎ የሚሉት ላስቲክ ነው፣ ያውም ለበዓል። ከጉና ተራራ ሥር የሚወርዱት የደጋ ሰዎች ታዲያ በዚያ መገንጠያ በኩል ብቅ ሲሉ ከሩቅ ይታወቃሉ፤ የበግ ጠጉር ባና ደርበው፣ አህያቸውን ገብስና ድንች ጭነው፣ ጉንጫቸው በብርድ ተሰነጣጥቆ። ሙቀታችንን አይወዱትም። «እናንተ አገር ትንኙም ይበላል፣ ፀሐዩም ይበላል» ይሉናል። እኛም «እናንተ አገር ደግሞ ምን የሚበላ አለና» እንላቸዋለን። እንዲህ እየተነካካን እንለዋወጣለን። ከእኛ ጓያውና ኑጉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከእነሱ ገብሱና አጃው ወደ ታች ይወርዳል።

አጃ እኛ ሜዳ ላይ እንቢ ያለ እህል ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግትር ሰው ነበር። የደጋን ሰው ደጅ ምን አስጠናኝ ብሎ አንድ ክረምት ቁሐር ሚካኤል አጠገብ ያለችው ማሳው ላይ አጃ ዘራሁ አለ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳው ላይ ሲተኛበት አጃው ከነሥሩ በሰበሰ። ከዳር የተረፈው ሲያፈራ ደግሞ ሲናር ሆኖ ተገኘ፣ ያ አጃ መሳይ አረም፤ ከብቶቹ እንኳ አሽትተው ተውት። እናቴ ይኼን ወሬ ለስንት ዓመት ስትስቅበት ኖረች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ባሌ እኮ እንቁራሪት ዘርቶ ነበር» ትላለች፤ አባቴ ተነሥቶ ወደ በረቱ ይወጣል። እና በእኛ ሜዳ በፎገራ የነበረ አጃ በሙሉ የደጋ አጃ ነው። ብዙም አይደለም፣ በአዘቦት ቀን የሚቀምሰው ሰው የለማ። ጎልማሳ ሰው አጃ ሲጠጣ ቢታይ «ምነው፣ ወለድህ እንዴ?» ይባላል። አጃ የአራስ ነው። ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ ያ ክፉ ገለባው በሰፌድ ይንገዋለላል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ አጥሚት ሆኖ ቅቤና ማር ይገባበታል። ወገብ ያጠናል፣ ጡት ያመጣል ይባላል። ሐኪም ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኛ ግን ስናይ ያደግነው ይኼንኑ ነው።

አጃውን የምታወርድልን ማንጠግቦሽ የምትባል የጉና ሥር ሴት ነበረች። ለገበያ ስትመጣ የምታድረው እኛ ቤት ነው፤ የእናቴ ወዳጅ ናት። ረዥም፣ ደረቅ ያለች፣ ድምፅዋ ወፍራም፤ ስትስቅ ጓሮ የታሰረው አህያዋ ጆሮውን ያቆማል። ልጅ አልሰጣትም። ያልተጠመቀችው ጠበል፣ ያልተሳለችበት ደብር አልነበረም። እኔ በዕድሜ ልጇ ስለምሆን አንቱ እላት ነበር፤ እሷ ግን ትቆጣኛለች። «አንቱ የሚባለው የወለደ ሰው ነው፤ እኔን አንቺ በይኝ» ትለኛለች። ስቃ ነው የምትለው። ለመድሁት። ይኸው እስከ ዛሬም አንቺ እያልሁ ነው የማስባት።

ይቺ ማንጠግቦሽ ሌላ ሰው ላይ ያላየሁት ነገር ነበራት። ግንቦት ማለቂያ ላይ፣ ዘር ከመዘራቱ በፊት ትወርድና እርጉዝ ትቆጥራለች። እውነቴን ነው። መደቡ ላይ ተደላድላ ትቀመጥና እናቴን «እህ፣ ዘንድሮ ማን ማን አለች?» ትላታለች። እናቴ ትነግራታለች፤ የእገሌ ሚስት፣ የእገሊት ልጅ፣ ዘሃራ ደግሞ እንደ ልማዷ። ከዚያ ራሷ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ የጎረቤታችንን ከተማ የሐሙሲትን ወሬ ሳይቀር ለቅማ ትመጣለች። ለእያንዳንዷ እርጉዝ አንዲት አንዲት የአጃ ፍሬ በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥራለች። ደጋ ስትመለስ ቋጠሮውን ትፈታና በዚያው ልክ ትዘራለች፤ ለዚህችኛዋ ይቺን ያህል፣ ቀጠን ላለችዋ ደግሞ ጨመር አድርጋ። ሰኔ ላይ የተዘራው ኅዳር ላይ ይታጨዳል፤ ታኅሣሥ ላይ በየአቡጀዲ ከረጢቱ ሆኖ ይወርዳል፤ ቀድማ የወለደችም ካምናው የተበደረችውን ትተካበታለች። ድንቹን፣ ገብሱን ትሸጣለች፤ ጥርሷን ነክሳ የምትከራከር ነጋዴ ናት። አጃውን ግን አትሸጠውም። «ለአራስ የተዘራ አይሸጥም» ትላለች። ጓያ፣ ደረቅ ዓሣ፣ ያለው ሰው ያለውን ያሸክማታል፤ የሌለውን አትጠይቅም። አንድ ዓመት ሐጂ እንድሪስ ብር ሊያስይዛት ቢል ከሱቁ በረንዳ ላይ «ምነው ሐጂ፣ ሰደቡኝ?» ብላ ጮኸችበት። ዘሃራ መሃል ገብታ በስኳር አስታረቀቻቸው።

ሰላም ልትወልድ ስትቃረብ እህል ተራ ሄጄ ነበር። አንዱን ወጣት ነጋዴ «አጃ አለህ ወይ?» ብለው ስልኩን እየነካካ «አጃ? ለፈረስ ነው እማማ?» አይለኝም! «አዎ፣ ለፈረስ ነው፤ እኔ ነኝ ፈረሷ» አልሁት ተናድጄ። ሳቀና ደንገጥ አለ፤ ባለጌ አይደለም። በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠኝ። ደጋው ዛሬ ድንችና ባሕር ዛፍ ሆኗል አለኝ፤ አጃ የሚዘራ ቢኖርም ለከብት መኖ ነው፤ መንገዱም ዘንድሮ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ ነው። «ሩዝ ይውሰዱ እንጂ፤ አሁን አራሱ ሁሉ የሩዝ አጥሚት ነው የሚጠጣው» አለኝ። ሩዝን አላማም። ሩዝ የመጣ ሰሞን እንደ ትል አይተነው፣ ዶሮ እንኳ አይበላውም ብለን ስንስቅ ነበር፤ በኋላ ግን አባቴን ያሳፈረውን ያንን ውኃ የሚተኛበትን ማሳ ያከበረው ሩዝ ነው። የወንድሞቼ ልጆች የተማሩት፣ ይኼ ያለሁበት ቤት ቆርቆሮው የተቀየረው በሩዝ ነው። ዕድሜ ለሩዝ። ብቻ ማን እንደምትወልድ ጠይቆ የሚዘራው ሰው የለም። ሩዙ ለሁሉም ነው፤ ያቺ አጃ ግን ለአንዲት ሴት ነበረች፣ ስሟ ታውቆ። የማንጠግቦሽ ማሳም ባሕር ዛፍ ሆኗል አሉኝ። እሷም ካረፈች ቆየች፤ ነፍሷን በገነት ያኑራት።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ ያገባሁት የቁሐር ሚካኤል ሰው ነው፣ አያሌው ይባላል። ባገባሁ ጊዜ ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም ሳይደርሱ ወረዱ። ሁለቱንም ጊዜ ማንጠግቦሽ ቆጥራኝ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ አጃዬ ወርዶ፣ ሳልጠጣው ለሌላ አራስ ተሰጠ። መቼም ሰው የማይገባውን ነገር ነው አንዳንዴ የሚያስታውሰው፤ ከሕመሙ ይልቅ ያቺ ከረጢት በራፉን አልፋ ስትወጣ ያየሁባት ቀን ናት እስከ ዛሬ የምታመኝ። ሦስተኛውን ሳረግዝ እናቴን ያለ የሌለ ፍርሃት ያዛት። እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይኼን እወቁልኝ። ግን ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያምነውን ታምናለች፤ ያልወለደች ሴት ዓይን እርጉዝ ላይ ሲያርፍ አይበጅም ይባል ነበር። ስንት ዓመት አብራት የበላችውን፣ አንድ መደብ ላይ የተኛችውን ወዳጇን ፈራቻት። «ዘንድሮ አትቆጠሪም» አለችኝ። «እንዴ፣ ከማንጠግቦሽ ነው የምደበቀው?» አልኋት። «እሷ ወዳ መሰለሽ? ዓይን ነው፣ አታዝዘው። ዝም ብለሽ ልብስሽን አስፍተሽ ልበሽ» አለች። እንባዋ መጥቶ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር።

ግንቦት ማለቂያ ላይ ማንጠግቦሽ እንደ ልማዷ ወረደች። የለበስሁትን እንኳ አስታውሳለሁ፤ የእናቴን አረንጓዴ አበባ ያለበት ቀሚስ፣ ሁለት እኔን የሚይዝ። መደቡ ላይ ተቀመጠችና «እህ፣ ዘንድሮ ማን ማን አለች?» አለች። እናቴ ቆጠረችላት፤ እሷም መቀነቷን ቋጠረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንጓችዬስ?» አለች።

«አንጓችማ ምን አላት፣ ባዶ ናት» አለች እናቴ ቶሎ ብላ።

እሳት የማራግብ መስዬ አቀረቀርሁ። ማንጠግቦሽ ተነሣችና አጠገቤ መጥታ ራሴን ዳበሰችኝ። «አይዞሽ የኔ አካል። እሱ ረስቶን አይደለም» አለችኝ። ልብ በሉ፤ እሷ ናት እኔን የምታጽናናው! ልናገር ከንፈሬ ላይ ደርሶ መለስሁት፤ እናቴ ከኋላዋ ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች። የዚያን ዕለት ራት ከአንድ ገበታ በላን።

ክረምቱ አለፈ። ሆዴ ገፋ፤ ይኼኛው ያዘ። ደጋውን ግን ጥቅምት ላይ ውርጭ መታው። ታኅሣሥ ላይ ማንጠግቦሽ ስትወርድ ከረጢቶቹ ከወትሮው ያነሱ ነበሩ፤ ላንዷ ለአንድ ሰሞን እንኳ የማይበቃ። እኔን እናቴ አስቀድማ ቁሐር ሚካኤል ባሌ ዘንድ ልካኝ ስለነበር አላየችኝም። ገናን ውለን ልወልድ ወደ እናቴ ቤት መጣሁ፣ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ጥር ላይ ማርያም ማረችኝ። ሴት። እልልታው እስከ ሐጂ እንድሪስ ሱቅ ድረስ ተሰማ። አባቴ የልጅቱን ፊት ሳያይ «ካሳነሽ ትባል» አለ፤ ያጣኋቸውን ሁለቱን ስለካሰችን።

ጡቴ ግን አልመጣም። መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም፤ ይዘገያል ተባለ። ቀኑ ሲጨምር ልጅቱ አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ቀጠነ፤ እንደ ድመት ግልገል ሆነች። የገብስ አጥሚት ጠጣሁ፣ ተልባ ጠጣሁ፣ በሙቅ ውኃ ተሸሁ። መንታ የወለደች አንዲት ጎረቤት ከልጆቿ አፍ ላይ እየቀነሰች ታጠባልን ነበር፤ ለእነሱም አይበቃም፣ ምን ታድርግ። ዘሃራ ያን ዓመት አልወለደችም፤ ስኳር በውኃ በጥብጣ በጨርቅ ጫፍ ታስልሳታለች፣ ከእኔ ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች። የክሊኒኩ አስታማሚ፣ ድሬሰሩ፣ መጥቶ «እናቲቱ ደህና ትጠጣ፣ ሕፃኗንም ከጡቷ አትለዩ» አለና ሄደ። አጃ ፍለጋ ተዞረ። የጠየቅነው አራስ ሁሉ ከረጢቱን አራግፎ አሳየን። ገበያ ላይ አጃ የሚባል የለም። እኔ ሁለቱን ያጣሁት ሳላያቸው ነው። ይቺን ግን ፊቷን አይቻለሁ፣ ጣቴን ጨብጣኛለች። መጋረጃው ውስጥ ተኝቼ «ይቺን ከወሰድሃት እኔንም ውሰደኝ» እያልሁ ነበር የምጸልየው፤ እንዲህ ተብሎ እንደማይጸለይ እያወቅሁ።

አንድ ጧት እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች። «ደጋ ልወጣ ነው» አለች።

አባቴ «ሄደሽስ ምን ትያታለሽ?» አላት።

«ዋሽቼሻለሁ እላታለሁ። ሌላ ምን የምለው አለኝ?»

ለደብረ ታቦር በሚወጣ የጭነት መኪና፣ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ሄደች። በማግሥቱ ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል የማንጠግቦሽን ወፍራም ድምፅ ከደጅ ሰማሁት፤ አህያውን ስትቆጣ። ገብታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ አንጓችዬ» አለችኝ፤ ግን ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ነው። ባናዋን አውልቃ ቀጥታ ወደ ምድጃው። «ግቢ እንጂ፣ ልጄን እያት» አልኋት። «ሥራ አለብኝ፣ እዚሁ ልሁን» አለች። ለምን እንደ ተደበቅሁባት ማንም ሳይነግራት ገብቷታል። አልተቀየመችም፤ ራሷን ነው የከለከለችው። ያ ከቅያሜ ይልቅ ያማል። አጃው ሲታመስ ያ ሽታ መጣ፤ የደረቀ ሣሩ፣ ከዚያ ቅቤው። ከዚያ እሷና አብራት የተመለሰችው እናቴ ሙቀጫውን ከበው ዘነዘናውን እየተቀባበሉ መውቀጥ ያዙ፤ ማንጠግቦሽ በዚያ ድምፅዋ

አጃዬ አጃዬ፣ ገለባሽን ልቀቂ፣
አራስ ጠበቀችሽ፣ ቶሎ በይ ድቀቂ

ትላለች፤ እናቴ ሌላ ጊዜ ተቀብላ የምትዘፍነዋ፣ ያን ለት ድምፅዋ አልወጣ አለ፤ ትወቅጣለች፣ ዝም ብላ ታለቅሳለች።

ጠጣሁ። ሲመሽም ጠጣሁ። አጃው ይሁን፣ ዕረፍቱ ይሁን፣ የሁለቱ ሴቶች እዚያ መሆን ይሁን፣ እኔ አልፈርድም፤ ሊነጋ ሲል ጡቴ እንደ ድንጋይ ተወጥሮ ቀሰቀሰኝ። ካሳነሽ ያዘችው፣ ስትውጥ ድምፁ ተሰማ፤ ጉልጭ፣ ጉልጭ። ከዚያ ድምፅ የሚበልጥ ዘፈን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ዘሃራ ከሱቋ ሮጣ መጣች፣ አባቴ በረቱ ውስጥ ገብቶ ለላሞቹ ነገራቸው። ማንጠግቦሽ ግን ከመጋረጃው ወዲያ ቆማ «ተመስገን፣ ተመስገን» ስትል ሰማኋትና ወዲያው አህያዋን ልትጭን ወጣች።

ምድጃው አጠገብ የተረፈው አጃ ተቀምጧል። ከረጢቱን ያየሁት ያኔ ነው። እንደ ሌሎቹ ተራ አቡጀዲ አይደለም፤ አፉ በቀይ ክር ተጠልፏል፣ ብዙ ዘመን ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል። «ማንጠግቦሽ» ብዬ ተጣራሁ፤ «የተረፈውን ለባለቤቷ መልሽላት። የምታዝንብኝ አራስ አልፈልግም።»

ከበራፉ ላይ ሳቀች፤ ያቺ የምታውቁት ሳቋ አይደለችም፣ ቀጭን ናት። «ባለቤቷማ እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ?»

«እኔ ነኛ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የእናንተን ዘርቼ ስጨርስ፣ በማሳው ጥግ ለራሴም ጣል አደርጋለሁ። ማን ያውቃል ብዬ። ታኅሣሥ ላይ አሮጌውን ለዶሮ ደፍቼ አዲሱን ጣራው ሥር አንጠለጥላለሁ። ባሌም አያውቅ፣ ሰውም አያውቅ።» የአህያዋን ገመድ ያዘችና «አሁንማ የሴትነቴም ጊዜ አልፏል፤ ለማን ላስቀምጠው? እንኳን ሆነልሽ» አለች።

እናቴ የአጥሚቱን ማሰሮ እንደ ያዘች ደርቃ ቀረች። ከዚያ ማሰሮውን አስቀምጣ ወጣችና የአህያውን ገመድ ከእጇ ነጠቀቻት። ክንዷን ይዛ ወደ ቤት ጎተተቻት። ማንጠግቦሽ መጋረጃው አጠገብ ስትደርስ እግሯን ተከለች። «ተይኝ እህቴ፣ ሕፃን አለች። ዓይኔ...» አለች። እናቴ አላስጨረሰቻትም። መጋረጃውን ገፈፈችው። «አንጓች፣ ጠጋ በይላት» አለችኝ። ጠጋ አልሁ። ጫማዋን በገዛ እጇ አወለቀችላትና አልጋው ላይ አጠገቤ አስገባቻት፤ ጋቢውን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገችላት። ከጡቴ ላይ ልጄን አንሥታ እሷ ጭን ላይ አስተኛቻት። የፊቷን መሸፈኛ፣ ጠያቂ ሲመጣ የማትገልጠውን፣ ገለጠችው። «እያት» አለች። «እንደ ልብሽ እያት።»

ማንጠግቦሽ አየቻት። ትንፋሽዋን ይዛ፣ ሳትነካት። እናቴ አጥሚቱን በሁለት ኩባያ ቀዳች። አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። ሁለተኛውን ይዛ አልጋው ሥር ተንበረከከችና የማንጠግቦሽን ጉልበት ስማ ኩባያውን አስያዘቻት።

«ጠጪው፣ አፈር ስሆን። የአራስ ነው» አለቻት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

ማንጠግቦሽ ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘች። አንዴ ወደ ልጄ፣ አንዴ ወደ እናቴ አየች።

«ማርያም ታኑርሽ» አለች፣ አራስ እንደሚመልሰው፤ እና ጠጣችው።